ፊቱ የጠመመ ሁሉ ብርድ መቶት አይደለም፦ "7 የነርቭ በሽታ ምልክቶች" ለሚለው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን በየቴሌግራሙ "ነርቭዎ መታመሙን የሚያሳውቁ 7 ምልክቶች" ሚል ጽሑፍ ሲዞር ከርሟል፣ እኔ ጋ ብቻ ከአራት ሰው ደረሰኝ። አንዷ አክስቴ ናት፣ "አንተ የነርቭ ሰው አይደለህ እንዴ፣ ይሄ ነገር ልክ ነው?" ብላ የላከችው። የነርቭ ሐኪም እንኳን አይደለሁም፣ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፣ ግን እግሩ የሰለለ፣ እጁ የደነዘዘ፣ ፊቱ የጠመመ ሰው ሳይ ነው ምውለው፣ ስለዚህ ዝም ልል ሞክሬ አልቻልኩም።

ላላነበባችሁት ባጭሩ ጽሑፉ ሚለው ይሄን ነው፦ የትም ቦታ ከደነዘዘህ የነርቭ ቫይታሚን አንሶሃል፣ ፊትህ ከጠመመ ብርድ ነው በራሱ ይለቅሃል፣ ስትሮክ የሽማግሌ ነው ጣት በመርፌ ከተወጋ ይመለሳል፣ ሚጥል በሽታ ሲነሳ ክብሪት አሽትት ማንኪያ አስነክስ፣ ህመም ከወገብ ወደ እግር ከወረደ ሳያቲክ ነው ወጌሻ ጋ ሂድ፣ እጅ ሚንቀጠቀጠው ከጭንቀት ነው፣ ለሁሉም ግን ኤምአርአይ ተነሳ። ሰባቱ እነዚህ ናቸው።

ጸሐፊው ክፉ አስቦ አልመሰለኝም፣ ሰው ሲነግረው የኖረውን ሰብስቦ ነው የጻፈው። ችግሩ ምልክቱን ብቻ ቆጥሮ ወዲያው ስም መለጠፉ ነው። ነርቭ ልክ እንደ ቤት መብራት ነው እኮ፣ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ ምታየው ምንድነው? ሳሎን ብቻ ነው የጠፋው፣ ቤቱ በሙሉ ነው፣ ወይስ ሰፈሩ ጭምር? አምፖል ተቃጥሎ ትራንስፎርመር የሚቀይር የለም። ሰውነትም ላይ ጥያቄው ያው ነው፣ የት የት ነው? በደቂቃ መጣ በቀናት ወይስ በዓመት? መሰማት ነው የጠፋው ወይስ ጉልበት? ጽሑፉ ውስጥ ከነዚህ ሦስቱ አንዱም የለም።

አንደኛ፣ "ማንኛውም መደንዘዝ የቫይታሚን እጥረት ነው፣ ቢ ኮምፕሌክስ ይወጉ።" ይሄ ቀይ መርፌ ነገር አሁን አሁን እንደ ሻይ ሆኗል፣ ሰው ደነዘዘኝ ባለ ቁጥር አስር አስር ይወጋል። አንዲት ልጅ መጣችልኝ፣ አረብ ሀገር 6 ዓመት ቤት ሠራተኛ ሆና ሠርታ የተመለሰች፣ መጥረግ መጭመቅ ምንጣፍ መፈተግ ሲሆን የኖረች፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ እጇ ውርር ብሏት ትነቃለች፣ ተነስታ እጇን እንደ ቴርሞሜትር ስታራግፈው ቀለል ይላታል፣ ከዛ ትተኛለች፣ እንደገና። 20 መርፌ ተወግታለች። እኔ አንድ ነገር ነው የጠየቅኳት፣ "የቱ ጣትሽ?" እስከዛን ቀን የጠየቃት የለም። ስታስበው አውራ ጣት፣ ጠቋሚ፣ መሀል ጣትና የቀለበት ጣቷ ግማሽ፤ ትንሿ ጣት ደህና ናት። እሱ ስዕል የአንድ ነርቭ ስዕል ነው፣ በእጅ አንጓ በኩል ጠባብ መተላለፊያ ውስጥ ሲያልፍ የተጨናነቀ ነርቭ። ማታ ማታ አንጓዋን ቀጥ አድርጎ ሚይዝ ድጋፍ አሰርንላት፣ በሦስት ሳምንት መንቃት ቀነሰላት። ባይቀንስ ኖሮ ትንሽ ቀዶ ጥገና አለ፣ የአውራ ጣት ስር ያለው ጡንቻ ሳይሟሽሽ ከተደረሰበት ጥሩ ውጤት አለው። መርፌው እዛ ጋ ምን ሊሠራ?

ትንሿ ጣትና የቀለበት ጣት ግማሽ ከሆነ ሚደነዝዘው ደሞ ክርን ላይ ነው ሚፈለገው፣ ክንዱን ታክሲ መስኮት ላይ አስደግፎ ሲነዳ ሚውል ሹፌር ያውቀዋል። ሁለቱም እግር እኩል ከጣቶች ጀምሮ እንደ ካልሲ ወደ ላይ ሚወጣ ከሆነ፣ ማታ ማታ ያቃጥላል ጠቅ ጠቅ ያደርጋል ከተባለ፣ መጀመሪያ ስኳር ነው ሚለካው። ስኳር ያለበት ሰው ጋ አንድ ነገር ታዘቡልኝ፣ ነጠላ ጫማው መንገድ ላይ ወልቆ ቀርቶ ሳያውቀው ጥቂት እርምጃ ይሄዳል። ሰው "ኧረ አንተ ጫማህ!" ሲለው ነው ዞሮ ሚያየው፣ ይስቃሉ ያልፋል። እኔ ስሰማ አልስቅም፣ ምክንያቱም ጫማ ሲወልቅ ያልተሰማው እግር ሚስማር ሲገባበትም ከሰል ሲነካውም አይሰማውም፣ እግር እስከመቆረጥ ሚደርሰውም ብዙ ጊዜ ከዛ ባልተሰማች ቁስል ተነስቶ ነው።

ቫይታሚኑ ምንም አይረዳም እያልኩ አይደለም። ቢ12 በእውነት ሲያንስ ነርቭ ይጎዳል፣ ለስኳር ሚሰጠው ሜትፎርሚን ራሱ ለዓመታት ሲወሰድ ቢ12 ያወርዳል፣ ስለዚህ ማስለካት ተገቢ ነው። የቲቢ መድኃኒት አይሶናያዚድ ሚወስድ ሰውም ቢ6 አብሮ ሚሰጠው ለዚህ ነው። ግን ጸሐፊው ያላወቀው ነገር፣ ቢ6 ራሱ በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ነርቭ ይጎዳል። ደነዘዘኝ ብሎ በራሱ እየገዛ ሲውጥ ከርሞ በዛው ምክንያት ሚደነዝዝ ሰው አለ። መርፌው ደሞ መቀመጫ ላይ ያለቦታው ከተወጋ ትልቁን የእግር ነርቭ ሊያገኘው ይችላል፣ ከዛ እግሩን እየጎተተ ሚመጣ ህፃን ማየት በጣም ነው ሚከብደው።

ጨርሶ ያልተነሳው ደግሞ ስጋ ደዌ ነው። ድሮ የቀረ ይመስለናል አይደል? አለርት ሆስፒታል በ1965 እ.ኤ.አ. ለሱ ተብሎ የተቋቋመ ነው፣ ዛሬም ግን በሀገራችን በየዓመቱ በሺዎች ሚቆጠር አዲስ ታማሚ ይመዘገባል። ስጋ ደዌ ሰው እንደሚያስበው ስጋ ሚበላ በሽታ አይደለም፣ ነርቭ ላይ ሚኖር ባክቴሪያ ነው፣ ጣቱ ሚያጥረው ስለማይሰማው እየተቃጠለና እየቆሰለ ነው። ቆዳ ላይ ነጣ ወይ ቀላ ያለ ሽፍታ ኖሮ ማያሳክክ፣ በጥጥ ሲነካ ማይሰማ ከሆነ፣ ክርን አጠገብ ያለው ነርቭ እንደ ገመድ ወፍሮ ከተዳሰሰ፣ ትንሿና የቀለበት ጣት መታጠፍ ከጀመሩ ጤና ጣቢያ ነው። መድኃኒቱ ነፃ ነው፣ 6 ወር ወይ 12 ወር ነው፣ ይድናል።

ሁለተኛ፣ "ፊት ከጠመመ ብርድ ነው፣ ተሸፋፍነው ይተኙ።" እዚህ ጋ ትንሽ ስሜታዊ ከሆንኩ ይቅርታ፣ አጎቴ አለበት ውስጡ። 54 ዓመቱ ነው፣ ክፍለ ሀገር ነው ሚኖረው። ጠዋት ቡና ሲጠጣ በአንድ በኩል ይንጠባጠብበታል፣ ሚስቱ "ምነው እንደ ህፃን" ብላ ቀልዳበታለች። ጎረቤት ተሰበሰበ፣ አንዷ ብርድ ነው፣ አንዱ ምች ነው፣ ሌላው በጥፊ ተመቶ ነው (ሰይጣን ማለቱ ነው)። ዳማከሴ ተጨመቀ፣ ሰፈር ያለ ክሊኒክ ደሞ አንድ መርፌ ወግቶ "ይለቅሃል" ብሎ መለሰው፣ የደም ግፊቱን እንኳን የለካው የለም። በሁለተኛው ቀን ማታ ልጁ በኢሞ ቪድዮ ደወለልኝ። "ቅንድብህን ወደ ላይ አንሳ በለው" አልኩት፣ አነሳ፣ ግንባሩ ግራም ቀኝም እኩል ተሸበሸበ። ያኔ ሆዴ ተላወሰ። "ስሜን ጥራ በለው" ስለው ምላሱ ተሳስሮ ነበር። በማግስቱ ሆስፒታል ሲደርስ ቀኝ እጁ ብርጭቆ አልይዝ ብሎ ነበር። ስትሮክ።

ግንባር ለምን ይጠየቃል? የላይኛው የፊት ክፍል ከሁለቱም የአንጎል ጎኖች ነው ትዕዛዝ ሚቀበለው፣ አንዱ ጎን ቢጎዳ ሌላው ይሸፍነዋል። ስለዚህ አፉ ጠሞ ግንባሩ እኩል ከተሸበሸበ ጥፋቱ ከላይ፣ አንጎል ውስጥ ሊሆን ይችላል ማለት ነው። ከራስ ቅል የወጣው የፊት ነርቭ ራሱ ሲታመም ግን ግማሽ ፊት በሙሉ ነው ሚዘጋው፣ ግንባሩ እንደተተኮሰ ልብስ ልጥጥ ይላል፣ አይኑ አይከደንም፣ ልክደን ሲል ነጩ ብቻ ወደ ላይ ሲሄድ ይታያል፣ ከጆሮ ጀርባ ያመዋል፣ ጣዕም ይጠፋዋል፣ ድምፅ ይጮህበታል። ይሄኛው ቤልስ ፓልሲ ሚባለው ነው፣ ስሙ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከገለጸው ስኮትላንዳዊ ቻርልስ ቤል የተወሰደ ነው። እና ጸሐፊው "በራሱ ይለቃል" ያለው እዚህ ጋ ግማሽ እውነት አለው፣ ከአስር ሰው ሰባቱ ገደማ ምንም ባይወስዱ እንኳ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። ግን በ72 ሰዓት ውስጥ ፕሬድኒሶሎን ሚባለውን መድኃኒት የጀመሩ ሰዎች የበለጠ ነው ሚድኑት፣ በ2007 እ.ኤ.አ. ስኮትላንድ ውስጥ በተሠራ ትልቅ ጥናት በ9 ወር ሙሉ በሙሉ የዳኑት መድኃኒቱን ከወሰዱት 94 በመቶ፣ ካልወሰዱት 82 በመቶ ገደማ ነበሩ። ሳምንት ሙሉ ተሸፋፍኖ የተኛ ሰው ይቺ 72 ሰዓት አለፈችው።

አይኑ ደሞ! ስለ አይኑ ማንም አይናገርም። ማይከደን አይን ሌሊቱን ሙሉ ተከፍቶ ሲያድር ይደርቃል፣ አቧራ ይገባዋል፣ ይቆስላል። ፊታቸው በሁለት ወር የተመለሰላቸው አይናቸው ላይ ግን ነጭ ጠባሳ የቀረባቸው ሴትዮ አውቃለሁ። ቀን ቀን የአይን ጠብታ፣ ማታ ቅባት አድርጎ ሽፋኑን በፕላስተር ዘግቶ መተኛት፣ ይሄው ነው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ የግንባር ፈተናው ቤት ሆኖ "ደህና ነው ተኛ" ለማለት አይደለም። ድንገት የጠመመ ፊት የቱም ይሁን የት በዛው ቀን ሐኪም ጋ ነው። ፈተናው እንድትቸኩሉ እንጂ እንድትዘገዩ አይደለም የነገርኳችሁ።

ሦስተኛ፣ "ስትሮክ የሽማግሌ ነው፣ ጣት በመርፌ ወጋ ወጋ ሲደረግ ደሙ ይንቀሳቀሳል።" መቼም ይሄ መርፌ ነገር ከየት እንደመጣ እንጃ፣ ያልሞተ ወሬ ነው። የተዘጋው አንጎል ውስጥ ያለ የደም ስር ነው፣ ከጣት ጫፍ ሁለት ጠብታ ደም ቢወጣ እሱ ጋ ምን ያገናኘዋል? ዕድሜውም ልክ አይደለም። እኛ ሀገር ደም ግፊት እንዳለበት ሳያውቅ ሚኖር ስንት ጎልማሳ አለ፣ በልጅነት የጉሮሮ ህመም ጀምሮ የልባቸውን በር የጎዳባቸው ወጣቶች አሉ፣ ከዛ ልብ የተነሳ የረጋ ደም አንጎል ይገባል። እኔ ጋ መራመድ ልትለማመድ የመጣችው ትንሿ 26 ዓመቷ ነበር።

ምትፈትኑት ሦስት ነገር ነው፣ ሳቅ በሉት አፉ እኩል ይከፈታል? ሁለት እጁን አይኑን ጨፍኖ ወደፊት ዘርግቶ ይያዝ፣ አንዱ እየወረደ ይሄዳል? "ትናንት ገበያ ሄጄ ሽንኩርት ገዛሁ" በል በሉት፣ ተሳሰረ ወይስ ጭራሽ ሌላ ቃል መጣ? ከሦስቱ አንዱ ካለ ሰዓቱን ያዙ፣ ለመጨረሻ ጊዜ ደህና ሆኖ የታየው ስንት ሰዓት ነበር ሚለውን፣ ሐኪሙ መጀመሪያ ሚጠይቃችሁ እሱን ነው። የረጋውን ደም ሚያሟሟው መድኃኒት ብዙውን ጊዜ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ ነው ሚሰጠው። እዚህ በየሆስፒታሉ አይገኝም እውነት ነው፣ ቢሆንም ሲቲ ስካን ተነስቶ ደም መፍሰስ ነው ወይስ መዘጋት መለየቱ፣ ግፊትና ስኳር መስተካከሉ፣ መዋጥ መቻሉ መታየቱ በራሱ ሰው ያተርፋል። አንጎል በተዘጋባት በእያንዳንዷ ደቂቃ 1.9 ሚሊዮን ገደማ የነርቭ ሴል ይሞታል ተብሎ ተሰልቷል፣ ዳማከሴ ሲጨመቅ ስንት እንደሄደ እናንተ አስሉት። እዚህ 907 ይደወላል፣ አሜሪካ ያላችሁ 911፣ እስራኤል 101፣ ሳዑዲ 997። መኪና ካለ አምቡላንስም አትጠብቁ፣ በተለይ እኛ ጋ።

ውሃ አትስጡት፣ መዋጥ ካቃተው ሳንባው ነው ሚገባው። አስፕሪንም አትስጡት ሲቲ ሳይነሳ፣ ደም መፍሰስ ከሆነ ታባብሱታላችሁ። ስኳር መለኪያ ቤት ካለ ለኩ፣ የወረደ ስኳር ስትሮክ መስሎ ይመጣል። እና ደሞ በ20 ደቂቃ "ለቀቀው" ካላችሁ አልለቀቀውም፣ ያስጠነቀቀው ነው፣ በቀጣዮቹ ቀናት ውስጥ ዋናው ሊመጣ ይችላል።

አራተኛ፣ ክብሪትና ማንኪያ። ክብሪቱ ለምን "ሠራ" እንደሚባል ልንገራችሁ። አብዛኛው መንዘፍዘፍ ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ ውስጥ በራሱ ይቆማል። ክብሪት ፍለጋ አንድ ደቂቃ፣ መጫር ግማሽ ደቂቃ፣ በቃ ቆመ፣ ምስጋናው ለክብሪቱ። ሽንኩርት ቢያሸቱትም ይቆም ነበር። ማንኪያው ግን ጥርስ ይሰብራል፣ ምላስ ደሞ አይዋጥም፣ ተዋጠ ሚባል ነገር የለም። ዙሪያውን አጽዱ፣ ጭንቅላቱ ስር ነጠላም ጃኬትም አድርጉ፣ መንዘፍዘፉ ሲያቆም በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ተመልከቱ፣ 5 ደቂቃ ካለፈ ወይ ሳይነቃ ከደገመው ወደ ሐኪም። አትያዙት አትጫኑት።

ከሁሉ ሚያናድደኝ አረፋው ይተላለፋል ሚለው ነው፣ ጽሑፉም ሹክ ብሎታል "ጥንቃቄ ያድርጉ" እያለ። አይተላለፍም! እናቶች ምድጃ ላይ ወድቀው ሰው ፈርቶ ሳይነካቸው እጃቸው ሚቃጠለው በዚህ ወሬ ነው። የነርቭ ሐኪሙ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖት ቡታጅራ አካባቢ ቤት ለቤት ባሠሩት ጥናት ከሺህ ሰው 5 ገደማ ሚጥል በሽታ አለበት፣ ስለዚህ እናንተም ሰፈር አለ፣ ተደብቆ ነው እንጂ። ፌኖባርቢታል ሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ርካሽ ነው፣ ለብዙ ሰው ይሠራል። ፀበል ሚሄድ ይሂድ፣ አቡነ ጳውሎስም በኤችአይቪው ጊዜ ፀበሉንም መድኃኒቱንም አብሮ መውሰድ ይቻላል ብለው ነበር፣ ግን ሚጥል በሽታ መድኃኒት ድንገት ሲቋረጥ ማያቆም መንዘፍዘፍ ያመጣል፣ እሱ ይገድላል።

አምስተኛ፣ ሳያቲክ። ወገብ ያመመው ሁሉ ሳያቲክ አይደለም፣ ሳያቲክ ከጉልበት በታች እስከ እግር ጣት ሲወርድ ነው፣ ሲያስልና ሲያስነጥስ ሚብስ። ብዙው ሰው በሳምንታትና በወራት ያለ ቀዶ ጥገና ይሻለዋል። ቤት ውስጥ አንድ ነገር ሞክሩ፣ በተረከዛችሁ ተራመዱ፣ ከዛ በጣቶቻችሁ ጫፍ ተራመዱ። አንዱ እግር እምቢ ካለ ህመም ብቻ አይደለም፣ ጉልበት እየሄደ ነው። መቀመጫና ጭን መሀል፣ ኮርቻ ሚነካው ቦታ ከደነዘዘ፣ ሽንት እምቢ ካለ ወይ ሳይታወቅ ካመለጠ ግን ወጌሻም እኔም አይደለንም፣ በዛው ቀን ሆስፒታል ነው። ማታ ማታ ሚብስ የጀርባ ህመም፣ ከላብና ከመክሳት ጋር ከሆነ ደሞ የአከርካሪ ቲቢ ሊሆን ይችላል፣ እሱን ጀርባ ማሸት ማለት የበሰበሰ ግድግዳ መግፋት ነው። ወጌሻ ውልምት ያውቃል፣ አልክድም፣ ይሄን ግን ተዉለት።

ጸሐፊው ህመም የሌለው የእግር ድካም እንዳለም ረስቷል። ከጉንፋን ወይ ከተቅማጥ ሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ ሁለቱም እግር ደክሞ በቀናት ውስጥ ወደ ላይ ሚወጣ ጊላን ባሬ ሚባል አለ፣ መተንፈሻ ጡንቻ ጋ ሳይደርስ መታየት አለበት። በሌላው ጫፍ ደሞ ጓያ አለ፣ ጎንደርም ወሎም ያላችሁ ታውቁታላችሁ። ድርቅ ሲሆን ሌላው እህል ሲጠፋ ጓያ ብቻውን ለወራት ሲበላ እግር ይገትራል፣ በጣት ጫፍ ያስረግጣል፣ ጉልበቶቹ እየተጋጩ እንደ መቀስ ነው ሚሄደው፣ ስሜት ግን አይጠፋም። ወሎ ውስጥ ደላንታ ዳውንት በ1980ዎቹ መጨረሻ በእኛ አቆጣጠር ስንቱን ወጣት በዱላ አስቀርቷል። ያን ሰው "ሳያቲክ ነው" ብለህ ብታሸው ምን ይጠቅመዋል?

ስድስተኛ፣ መንቀጥቀጥ። አጭር ነው፣ ስኒ ስጡት። ቡናውን ሲያነሳ ሚንቀጠቀጥ፣ እጁ ጭኑ ላይ ሲያርፍ ሚተወው፣ ብዙ ጊዜ በዘር ሚመጣው ነው። እጁ አርፎ እያለ ሚንቀጠቀጥ፣ ሲሄድ አንድ ክንዱ ማይወዛወዝ፣ ቁልፍ መቆለፍ ያዘገመው፣ ፊርማው እያነሰ የመጣ ከሆነ ፓርኪንሰን ሚባለው የአንጎል በሽታ ይታሰባል። የእንቅርት ሆርሞን ሲበዛም ያንቀጠቅጣል፣ የአስም መድኃኒትም። ጭንቀትም አለበት እሺ፣ ግን መጀመሪያ እሱን ማለት አይቻልም።

ሰባተኛ ኤምአርአይ። ምንም የጀርባ ህመም የሌላቸው ሰዎች የተነሱባቸው ጥናቶች ተሰባስበው ሲታዩ በ20 ዓመታቸው 30 በመቶው፣ በ80 ዓመታቸው 84 በመቶው ዲስካቸው (በአከርካሪ አጥንቶች መሀል ያለው ትራስ) ወጣ ብሎ ነው የተገኘው። ስለዚህ በሺዎች ብር ከፍለህ "ዲስክ ወጥቷል" ሚል ወረቀት ብትይዝ ህመምህ ከዛ ስለመምጣቱ ማስረጃ አይደለም። መጀመሪያ ጥጥ፣ ስፒል፣ የጉልበት መዶሻና ካልሲ ማውለቅ ነው ያለው፣ አስር ደቂቃ ማይፈጅ። በዛ ምርመራ ሚያጠራጥር ቦታ ሲገኝ ነው ኤምአርአዩ ሚታዘዘው።

አክስቴ ይሄን ሁሉ በድምፅ ልኬላት "እሺ፣ እኔ እኮ እግሬን ሲያቃጥለኝ ነው ያነበብኩት" አለችኝ በመጨረሻ። ስኳር ካለባት 9 ዓመቷ ነው፣ ሜትፎርሚን ነው ምትወስደው፣ እግሯን ግን ማንም አይቶላት አያውቅም። ቅዳሜ ልሄድ ነው፣ ጥጥና ካልሲ ማስወለቁ ከእኔ፣ ቡናው ከሷ።